የኖራ ድንጋይ አገርና ድንጋዩን የሚጭነው ባቡር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በፎቶግራፍ ክበብ ስም የተነገረ



 የምንናገረው ስለ ድንጋይ ነው። ይህን ስንል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ ከዚህ ሆነን እናያለን። «ስለ ድንጋይ ደግሞ ምን ይነገራል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ይህ የተቀመጣችሁበት አዳራሽ ግድግዳው በሲሚንቶ የተያያዘ፣ በኖራ የተቀባ ነው። ሲሚንቶውም ኖራውም የተገኙት ከአንድ ዐይነት ድንጋይ ነው፤ ይኸውም የኖራ ድንጋይ የሚባለው ነው። በድሬዳዋ ዙሪያ ካሉት ተራሮች ብዙዎቹ ይኸው ድንጋይ ናቸው። እኛም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንረግጠው፣ ስንወረውረው ኖረን፣ ምን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ እስከ መጨረሻው ክፍል ደርሰናል።

እንድንጠይቅ ያደረገን አንድ ሣጥን ነው። ለዚህ በዓል ዝግጅት የጂኦግራፊን ዕቃ ቤት እንድናጸዳ ታዝዘን ሳለን፣ ከአሮጌ ካርታዎች ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አገኘን። ውስጡ በካርቶን ክፈፍ የታሰሩ፣ ስላይድ የሚባሉ ትንንሽ የፊልም ሥዕሎች ነበሩ፤ ብንቆጥራቸው 84 ሆኑ። ከብዙ ዓመታት በፊት እዚህ ያስተማሩ አንድ እንግሊዛዊ መምህር ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለተማሪዎች የተዉልን መሆኑን ከክዳኑ ጽሕፈት ተረዳን። የማሳያው መሣሪያ አምፑል ተቃጥሎ ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱን ስላይድ ወደ መስኮት እያነሣን በብርሃን ተመለከትነው። ነጭ ገደል አየን፤ አረንጓዴ ሣር አየን፤ ደግሞም ነጭ ድንጋይ የጫኑ ፉርጎዎችን በሸለቆ ውስጥ የሚጎትት ባለ ጢስ ባቡር አየን። በክፈፎቹ ዳርቻ ላይ የቦታው ስምና ዓመቱ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተጽፎ ነበር። ይህን ያህል ወራት ያጠናነውም፣ ዛሬ የምንነግራችሁም ከዚሁ የተነሣ ነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሥዕሎቹ የተነሡበት አገር በእንግሊዝ መካከል፣ በማንቸስተርና በሼፊልድ ከተሞች መካከል ያለው ፒክ ዲስትሪክት የሚባለው ደጋ ነው። የደቡቡ ክፍል በድንጋዩ ንጣት ምክንያት «ነጩ ፒክ» ይባላል። ያ ድንጋይ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በዚያ ዘመን አገሩ በምድር ወገብ አጠገብ ሞቃት፣ ጥልቀቱም አነስተኛ የሆነ ባሕር ነበረ። በባሕሩ ውስጥ የኖሩ ቀንድ አውጣዎች፣ ዛጎሎችና ኮራሎች ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወደ ታች እየወረደ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተጫነ ድንጋይ ሆነ። የእኛ የድሬዳዋው የኖራ ድንጋይ ዕድሜው ከዚያ ያንሳል፤ ጁራሲክ ከሚባለው ዘመን የመጣ ስለ ሆነ ግን እርሱም ቢሆን ከ140 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይሆነዋል። የእኛም ተራሮች የባሕር ልጆች ናቸው።

የኖራ ድንጋይ ጠባይ ከሌላው ድንጋይ ይለያል፤ ውኃ ያሟሟዋል። ዝናብ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ትንሽ ስለሚኮመጥጥ፣ በስንጥቁ እየገባ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በዚህም ምክንያት ወንዙ ወደ ምድር ውስጥ ይሰምጣል፤ ሸለቆው ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ ዋሻም ይፈጠራል። ይህን ለመረዳት እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያሻም። በባሌ የዌብ ወንዝ ተራራውን ሠርስሮ የሚያልፍበት፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ፣ በከተማችን አጠገብም ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የዚሁ ሥራ ውጤቶች ናቸው።

ይህ ድንጋይ በእሳት ሲፈተን ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ሲቃጠል ጋዙ ይወጣለትና 100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 56 ኪሎ ኖራ ይሆናል። ኖራው ለግንብ፣ ኮምጣጣ ለሆነ እርሻ፣ ስኳር ለማጥራት ያገለግላል። ድንጋዩ ራሱም ለብረት ማቅለጫ፣ ለሲሚንቶ፣ ለመንገድ፣ ለመስታወት ሥራ ያስፈልጋል። እንግዲህ ይህን ያህል የሚፈለግ ነገር፣ ይህን ያህል ከባድ ሲሆን፣ ከተራራ ወደ ከተማ ማን ይሸከመዋል? ባቡሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በፒክ የድንጋይ ሐዲድ ታሪክ ከእንፋሎት ባቡር ዘመን ይቀድማል። በ1796 ዓ.ም. ቤንጃሚን አውትራም የተባለው መሐንዲስ ከዶቭ ሆልስ የድንጋይ ካባዎች አንሥቶ እስከ በግስዎርዝ የጀልባ ወደብ ድረስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የብረት ሐዲድ ዘረጋ። ድንጋይ የጫኑት ፉርጎዎች ቁልቁለቱን በገዛ ክብደታቸው ይወርዳሉ፤ ባዶዎቹን ሽቅብ የሚመልሱት ፈረሶች ናቸው። ይህ መንገድ እስከ 1920ዎቹ ድረስ፣ ከ120 ዓመት በላይ አገልግሏል። ቀጥሎ በ1830 እና በ1831 ዓ.ም. ከክሮምፎርድ ተነሥቶ ደጋውን የሚያቋርጥ 53 ኪሎ ሜትር የሐዲድ መንገድ ተከፈተ። በዚያ መንገድ ላይ አቀበቱ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ፣ በተራራው ራስ ላይ የቆሙ የእንፋሎት መኪናዎች ፉርጎዎቹን በሰንሰለት፣ በኋላም በሽቦ ገመድ እየሳቡ ያወጧቸው ነበር። እርሱም በ1967 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ዛሬ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ነው።

በሣጥኑ ውስጥ እጅግ የወደድነው ሥዕል በ1963 ዓ.ም. የተነሣ ነው። በታንስቴድ ከሚባለው ታላቅ የድንጋይ ካባ የወጣ ባቡር ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለ60 ዓመት ያህል፣ ለዚሁ ሥራ የተሠሩ ትልልቅ ፉርጎዎች ከታንስቴድ ወደ ኖርዝዊች ድንጋይ ያመላልሱ ነበር። በኖርዝዊች አካባቢ ጨው ከምድር ውስጥ ይወጣል። ኤርነስት ሶልቬይ የተባለው ቤልጂጋዊ ባገኘው ዘዴ ጨውና የኖራ ድንጋይ በአሞንያ ረዳትነት ተዋሕደው፣ ለመስታወትና ለሳሙና የሚሆን ሶዳ ይወጣቸዋል። ስለዚህ ባቡሩ የሚያገናኘው ሁለት ከተማዎችን ብቻ ሳይሆን ሁለት የከርሰ ምድር ሀብቶችን፣ ድንጋይንና ጨውን ነበር። ዛሬም ከዚያ አካባቢ ድንጋይ በባቡር ይጫናል። አንድ የድንጋይ ባቡር ከ1,000 ቶን በላይ ይይዛል። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና 25 ቶን ይጭናል ብንል፣ ባቡሩ ባይኖር 40 መኪናዎች በመንደሮቹ መካከል ማለፍ ነበረባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንድንደርስ የአንድ ድልድይ ታሪክ እንንገራችሁ። ሚድላንድ የተባለው የምድር ባቡር ኩባንያ በ1863 ዓ.ም. በሞንሳል ሸለቆ፣ በዋይ ወንዝ ላይ ባለ 5 ቅስት የድንጋይ ድልድይ ሠራ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ስለ ሥነ ጥበብ በመጻፍ ስሙ የገነነ ጆን ረስኪን የሚባል ሰው ነበር። ረስኪን ባቡሩ በዚያ ሸለቆ በማለፉ እጅግ ተቈጣ፤ አምላክ የሠራውን ውበት ሰዎች ከአንዲት ትንሽ ከተማ ወደ ሌላዪቱ ቶሎ ለመድረስ ብለው አጠፉት ብሎ በብርቱ ጻፈ። ባቡሩ በ1968 ዓ.ም. ቆመ፤ ሐዲዱም ተነቀለ፤ ድልድዩ ግን ቀረ። ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ መንገዱ ለእግረኞች ተከፈተ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ተዘግተው የነበሩት የተራራ ውስጥ መተላለፊያዎች ተከፈቱ። ዛሬ ወደ ሞንሳል የሚሄደው ሰው ካሜራውን የሚያነጣጥረው ወደዚያው ድልድይ ነው። ረስኪን የሸለቆው ጠላት ያለው ነገር የሸለቆው ጌጥ ሆነ።

ይህን ታሪክ ስናነብ መጀመሪያ በረስኪን ላይ ሳቅንበት። ቈይተን ግን ፈራን። ረስኪን ዐይኑ የሚያይ ሰው ነበር፤ በ1840ዎቹ ገና ፎቶግራፍ ሲጀመር የቬኒስን አሮጌ ሕንፃዎች በዳጌሮታይፕ ሥዕሎች ይሰበስብ ነበር። እንደዚህ ያለ ሰው የተሳሳተው ባለማየቱ አይደለም፤ በልቡ ክፈፍ ሠርቶ ባቡሩን ከክፈፉ ውጭ ስላደረገው ነው። እርሱን ብቻም አንወቅስም። ፒክ ዲስትሪክት በ1951 ዓ.ም. የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ ድንበሩን የሠሩት ሰዎች የበክስተንን ከተማና በዙሪያዋ ያሉትን ታላላቅ ካባዎች ከድንበሩ ውጭ አደረጓቸው። ካርታውን ብትመለከቱ በስተ ምዕራብ በኩል ከዳቦ ላይ እንደ ተገመጠ ጉርሻ ያለ ክፍተት ታያላችሁ። ለሥራው ሲባል ምክንያት ነበራቸው፤ ነገር ግን ያም ክፈፍ ነው። ውብ የሆነው በውስጥ፣ የሚሠራበት በውጭ ሆነ፤ ድንጋዩ ግን በሁለቱም በኩል አንድ ነው።

ፎቶግራፍ አንሺ ዋና ሥራው መምረጥ ነው፤ የሚመርጥ ሁሉ ደግሞ ይተዋል። ስለዚህ የተወውን ሊያውቅ ይገባዋል። ይህን በአፋችን ለማለት ቀላል ነበር፤ በሥራ የተማርነው ግን በኀፍረት ነው። ያንን ከመንገራችን በፊት፣ ከጓደኞቻችን መካከል ካሜራ ለማንሣት ለሚፈልጉ የእጅ ሥራውን ባጭሩ እንግለጽ።

አንደኛ፣ ነጭ ድንጋይ ካሜራን ያታልላል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየው ነገር ሁሉ ግራጫ ስለሚመስለው፣ ነጩን ገደል አመድ አስመስሎ ያወጣዋል። ስለዚህ መለኪያው ካዘዘው ላይ አንድ ደረጃ ያህል ብርሃን መጨመር ያስፈልጋል። በእጅ ስልክ የምታነሡም ብትሆኑ መስተዋቱን በጣታችሁ ነክታችሁ ብርሃኑን ጥቂት ከፍ አድርጉት። ጨምራችሁ ስታበዙት ግን ድንጋዩ ወረቀት ይሆናል፤ ስንጥቁም ዛጎሉም ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ሰዓት ምረጡ። በእኛ አገር ቀትር ላይ ፀሐይ በራስ ላይ ስለምትቆም ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ የድንጋዩ ቅርጽ አይታይም። ማለዳ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ማታም ከ11 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የድንጋዩ ንብብር ሁሉ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይቈጠራል።

ሦስተኛ፣ ባቡርን ከነአገሩ አንሡት። ጀማሪ ሁሉ የባቡሩን ራስ ብቻ ክፈፉን ሞልቶ ሊያነሣ ይፈልጋል። የመምህሩ ስላይዶች ያስተማሩን ግን ራቅ ብሎ ከፍ ካለ ቦታ መቆምን ነው፤ ሐዲዱ ከየት እንደ መጣ፣ ወዴትም እንደሚሄድ፣ ተራራውም ምን ያህል እንደ ተቈረሰ በአንድ ሥዕል ይታያል። የሚሮጥ ባቡር እንዳይደበዝዝ ደግሞ መዝጊያው በሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ ወይም ከዚያ በሚያንስ ጊዜ ይከፈት።

አራተኛ፣ ፈቃድ ሳትጠይቁ ወደ ካባ አትግቡ፤ በሐዲድ ላይም ከቶ አትቁሙ። ድማሚት የሚፈነዳበት ቦታና ባቡር የሚያልፍበት መንገድ ለሥዕል ሲባል ሕይወት የሚሰጥባቸው ቦታዎች አይደሉም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካጠናን በኋላ ለበዓሉ ትርኢት የራሳችንን የኖራ ድንጋይ አገር ልናነሣ ተነሣን። ከተማችንን የወለዳት ባቡር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው በ1902 ዓ.ም. ከተራራው ሥር እዚህ ደረሰ፤ ድሬዳዋም በዙሪያው በቀለች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ዓ.ም. ነው። የድሮው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መመላለሱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል። እኛ በሄድንበት ካባ ድንጋዩን የሚያነሣው የጭነት መኪና እንጂ ባቡር አይደለም። ስለዚህ የአሮጌውን ሐዲድና የነጩን ተራራ ሥዕሎች ጎን ለጎን ልንሰቅል አሰብን።

ከዲሬክተራችን የፈቃድ ደብዳቤ ይዘን ሦስት ቅዳሜ በማለዳ ወጣን። ብርሃኑ እንደ ተመኘነው ነበር። በካባው ውስጥ ዲጂኖና መዶሻ የያዙ ሠራተኞች በየደረጃው ቆመው ነበር። እኛም ገደሉ ጥርት ብሎ እንዲታይ ብለን፣ «እባካችሁ ጥቂት ገለል በሉልን፤ ሥዕሉን ትጋርዱብናላችሁ» አልናቸው። እነርሱም ሳይቈጡ ገለል አሉልን። ብዙ ሥዕሎች አነሣን፤ ከነዚያም 24ቱን መርጠን አጠብን። በእውነት ያማሩ ነበሩ።

ሥዕሎቹን በክፍል ውስጥ በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ቅደም ተከተላቸውን ስናስተካክል፣ ከክበባችን አባሎች የአንዱ አባት ልጃቸውን ሊወስዱ መጡ። እኒህ ሰው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ድንጋይ በመፍለጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ከነዚያ ሦስት ቅዳሜዎች በአንዱ በዚያ ካባ እንደ ነበሩ፣ ገለል በሉ ካልናቸውም አንዱ እርሳቸው እንደ ሆኑ አላወቅንም ነበር፤ ፊታቸው በነጭ አቧራ ተሸፍኖ፣ አፍና አፍንጫቸውም በጨርቅ ተጠምጥሞ ስለ ነበረ የገዛ ልጃቸው ጓደኞች አልለየናቸውም። ልጃቸው በዚያን ቀን ታሞ ቀርቶ ነበር። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ሳይነኩ ተመለከቱ። ከዚያም ቀና ብለው፣ «ልጆቼ፣ እጅግ ያምራል። እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አሉ።

መልስ አልነበረንም። ከ24ቱ ሥዕሎች በአንዱም ሰው አልነበረም። ረስኪን ባቡሩን ከልቡ ክፈፍ አወጣው ብለን ስንፈርድ የቈየን እኛ፣ ሰውን በእጃችን ገለል አድርገን ነበር። በኋላ ወደ ቆርቆሮው ሣጥን ተመልሰን ብንቈጥር፣ በመምህሩም 84 ስላይዶች ውስጥ የሰው ፊት የሚታይባቸው ሁለት ብቻ ሆነው አገኘናቸው፤ አንደኛው የባቡር ነጂ ነው፤ ሁለተኛው ጽሕፈት የለውም፤ ማን እንደ ሆነ፣ የትና መቼም እንደ ተነሣ ዛሬ የሚነግረን የለም።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። እርሳቸውም ሥቀው ተቀመጡና ስለ ድንጋዩ ይነግሩን ጀመር። በዚያች አንድ ሰዓት የሰማነው ከመጽሐፍ ካነበብነው ጋር የሚወዳደር ነው። ድንጋይ ደም ሥር እንዳለው፣ በደም ሥሩ ካልተመታ መዶሻውን ወደ ባለቤቱ እንደሚመልሰው ነገሩን። ጥሩ ድንጋይ ሲመታ እንደ ደወል እንደሚጮኽ፣ ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ እንደሚታፈን ነገሩን። ማታ ማታ ስለሚይዛቸው ሳልም፣ ባለቤታቸው ልብሳቸውን ከሌላው ልብስ ለይተው ስለሚያጥቡበት ምክንያትም ሳያማርሩ ነገሩን። በመጨረሻም ከድንጋዩ መካከል ያገኙትን፣ በቤታቸው መስኮት ላይ ያኖሩትን አንድ ዛጎል በማግሥቱ ላኩልን። በልጃቸው አፍ የላኩትም ጥያቄ፣ «ይህ ተራራ ባሕር ነበረ ማለት ነውን?» የሚል ነበር። እኛ ከመጽሐፍ ያወቅነውን እርሳቸው በመዶሻቸው ደርሰውበት ኖረዋል። ዛጎሉ ዛሬ በትርኢቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እንድታዩት እንለምናለን።

ከዚህ በኋላ ተመልሰን ሄድን። እርሳቸውን ከነአቧራቸው፣ መዶሻቸውን እንደ ያዙ ልናነሣቸው አሰብን፤ እንደዚያ ያለ ሥዕል ኀይል እንዳለው እናውቅ ነበርና። እርሳቸው ግን፣ «ቈዩኝ» ብለው ሄደው ፊታቸውን ታጠቡ፤ ከቤት ይዘውት የመጡትን ኮትም ለበሱ። ብቻዬንም አልነሣም ብለው ስምንት የሥራ ባልደረቦቻቸውን ጠሩ። በክበባችን መካከል ክርክር ሆነ። ከፊላችን፣ «አቧራው ካልታየ እውነቱ ይቀራል» አልን። ከፊላችን ደግሞ፣ «እንዴት መታየት እንዳለባቸው የሚመርጡት እርሳቸው ናቸው፤ አንድ ጊዜ ገለል አድርገናቸዋል፤ አሁን ደግሞ በራሳችን አሳብ ልናቆማቸው ነውን?» አልን። ክርክሩ እስከ ማታ ቈየ፤ ፈጽሞ ያለቀም አይመስለንም። ሥዕሉን ግን እንደ ፈለጉት አነሣነው። ወደ ትርኢቱ ስትገቡ በመጀመሪያ የምታዩት እርሱ ነው፤ ዘጠኝ ሰዎች፣ ከኋላቸው ነጩ ተራራ፣ ከታችም የሁሉም ስም በሙሉ ተጽፏል። ቀረብ ብላችሁ ብትመለከቱ ደግሞ፣ በታጠቡት እጆቻቸው ጥፍር ሥር ውኃ ያላስለቀቀው ነጭ ነገር ታያላችሁ። ያን እኛ አልጨመርነውም፤ እነርሱም አልደበቁትም።

ጽሕፈት ከሌለው ስላይድ የተማርነውን ደግሞ ሳንናገር አንወርድም። ያ ፊት የአንድ ሰው አባት ወይም ወንድም ነበር፤ በክፈፉ ላይ አንዲት መስመር ባለመጻፉ ግን ማንም ሳይሆን ቀረ። አባቶቻችን፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሕፈት ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ፎቶግራፍም ቢሆን ስምና ቀን ካልተጻፈበት ከቃል የተሻለ ዕድሜ የለውም። በእጅ ስልካችን ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ ሥዕሎች ይዘን የምንዞር እኛ፣ ከ50 ዓመት በኋላ የሚያየው ሰው ማንን እንደ ያዝን እንዲያውቅ አንዳች አልተውንለትም።

ስለዚህ በዛሬው ቀን ሦስት ነገር እንለምናለን። እናንተ ወላጆቻችን፣ በየቤታችሁ የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ የድንጋይ ፈላጮች፣ የግንበኞች አሮጌ ፎቶግራፎች ካሉ ለአንድ ቀን ብቻ አምጡልን፤ ገልብጠን እንመልሳለን፤ በሥዕሉ ያሉትንም ሰዎች ስም ንገሩን። እናንተ መምህሮቻችን፣ ያ የቆርቆሮ ሣጥን ወደ ዕቃ ቤት እንዳይመለስ፣ በቤተ መጻሕፍት ቦታ እንዲያገኝ ፍቀዱልን። እናንተም ከእኛ በኋላ የምትቀሩ ታናናሾቻችን፣ ካሜራውን እናስረክባችኋለን፤ ስታነሡ ግን ከመጫናችሁ በፊት በክፈፉ አራት ጠርዝ ዙሪያ አንድ ጊዜ ተመልከቱ፤ ማንን ገለል እንዳደረጋችሁም ራሳችሁን ጠይቁ።

እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ይህ ግቢ የቆመበት ድንጋይ ባሕር ሠርቶታል፤ ሰውም ፈልጦታል፤ ጭኖ ያመጣውም ሌላ ሰው ነው። የማን እጅ እንደ ሆነ በየግድግዳው አልተጻፈም። ከዛሬ ጀምሮ ቢያንስ የዘጠኙን ስም እናውቃለን።